ስምጠትና ደረቅ ቁመት፦ ተንሳፋፊ አካል ከውሃ በላይ ምን ያህል እንደሚታይ ለማስላት ስለሚያስፈልጉ ስያሜዎች

1. መነሻ

አንድ አካል በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ምን ያህሉ ከውሃ ሥር ይሆናል? ምን ያህሉስ ከውሃ በላይ ይታያል? ይህ ጥያቄ ለፊዚክስ መምህር የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው። ለመርከብ ሠሪና ለጀልባ ተቆጣጣሪ ደግሞ የየዕለት ሥራ ነው። ለስያሜ አጥኚና ለተርጓሚ ግን የተለየ ፈተና ያቀርባል። ስሌቱ ራሱ ከአንድ ማካፈልና ከአንድ መቀነስ የማያልፍ ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ይደፈርሳል። ስሌቱ የሚጠይቃቸው ቃላት፣ ማለትም ጥልቀት፣ ቁመት፣ ስፋት፣ ይዘትና ክብደት፣ ሁሉም የተራ ንግግር ቃላት ናቸው። እያንዳንዳቸውም በሙያው ውስጥ ከተሰጣቸው ፍች ሌላ በገበያውና በሰፈሩ የሚታወቁበት ፍች አላቸው።

ለአብነት ያህል «መርከቡ በ7 ሜትር ጥልቀት ወደ ወደቡ ይገባል» የሚል ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። 7 ሜትር የተባለው የውሃው ጥልቀት ነውን? ወይስ ከመርከቡ አካል ከውሃ ሥር ያለው ክፍል ነው? ወይስ የመርከቡ አካል ከሥር እስከ ላይኛው ወለል ያለው ቁመት ነው? የመጀመሪያው ታስቦ የተጻፈውን ሁለተኛው አድርጎ የተረዳ ሰው፣ 7 ሜትር ያህል ከውሃ ሥር የሚገባ መርከብ 7 ሜትር ጥልቀት ወዳለው ወደብ እንዲገባ ይፈቅዳል። በዚህም የመርከቡ ሆድ ከመሬት ጋር ይገናኛል። እንግዲህ የተያዘው ነገር የቋንቋ ጥራት ብቻ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ እየተከተልን በየደረጃው የሚያስፈልገውን ጽንሰ ሐሳብ ለይተን እናሳያለን። ለእያንዳንዱም አማርኛ ከራሱ ጓዳ ምን ማቅረብ እንደሚችል እንመረምራለን።

2. «ተንሳፈፈ» የሚለው ግሥ

የግሡ ዘር ስ-ፍ-ፍ ነው። ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚወጣውን የሰም ቅሬታ የሚጠራው «ሰፈፍ» የሚለው ስም የዚሁ ዘር ነው። ቅድመ ቅጥያ የሌለው ግሥም «ሰፈፈ» ተብሎ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ይገኛል። ይሁን እንጂ በዚያ ስፍራ የተነገረው ከውሃው በላይ ስለ መሆን እንጂ በውሃው ተይዞ ስለ መቆየት አይደለም። ዛሬም ቢሆን ደመናም በሰማይ፣ ላባም በአየር፣ ግንድም በወንዝ ላይ «ይንሳፈፋል» እንላለን። ስለዚህ ተራው ቃል የሚናገረው ነገሩ ወደ ታች አለመውረዱን ብቻ ነው። የሙያው ብያኔ ደግሞ ከፊሉ በፈሳሽ ውስጥ ሆኖ በፈሳሹ ግፊት ተደግፎ መቆየቱን ይጨምራል።

የግሡ ርባታ ለስያሜ ሥራ የሚመች ነው። አማርኛ «ተን-» እና «አን-» የተሰኙትን ቅድመ ቅጥያዎች እያፈራረቁ የሚወስዱ ብዙ ግሦች አሉት፤ ተንቀጠቀጠ፣ አንቀጠቀጠ፤ ተንጠባጠበ፣ አንጠባጠበ፤ ተንከባለለ፣ አንከባለለ። ከየጥንዱ የመጀመሪያው ኢተሻጋሪ፣ ሁለተኛው ተሻጋሪ ነው። «ተንሳፈፈ» እና «አንሳፈፈ» ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ አካሉን «ተንሳፋፊ»፣ የሚሸከመውን ፈሳሽ «አንሳፋፊ»፣ ፈሳሹ ወደ ላይ የሚገፋበትን ኃይል ደግሞ «አንሳፋፊ ኃይል» ብንል፣ ከአንድ ዘር የወጡት ሦስቱ ቃላት ድርጊቱን የሚፈጽመውንና የሚፈጸምበትን ሳያምታቱ ይለያሉ። አንዳንድ ጽሑፎች ይህንኑ ኃይል «ተንሳፋፊ ኃይል» ይሉታል። ይህ ግን የሚንሳፈፈው ኃይሉ ራሱ የሆነ ያስመስላል፤ ሊታረም ይገባዋል።

3. ሕጉና አራቱ መጠኖች

የስሌቱ መሠረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በሲራኩስ የኖረው አርኪሜዲስ «ስለ ተንሳፋፊ አካላት» በተባለው ባለ ሁለት ክፍል መጽሐፉ ያስቀመጠው ሕግ ነው። ተርጓሚዎች የዚህን መጽሐፍ ታሪክ ቢያውቁት መልካም ነው። ዊልያም ዘሞርቤኬ እ.ኤ.አ. በ1269 ከግሪክኛ ወደ ላቲን መለሰው። ከዚያም የግሪክኛው ቅጂ በመጥፋቱ መጽሐፉ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚታወቀው በዚህ ትርጉም ብቻ ነበር። የግሪክኛው ንባብ የተገኘው ሃይበርግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1906 በቁስጥንጥንያ አንድ ብራና በመረመረ ጊዜ ነው። ብራናው ቀዳሚ ጽሕፈቱ ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ የተጻፈበት ነበር። ስለ መንሳፈፍ የሚናገረው ዕውቀት ያን ያህል ዘመን በአንድ ተርጓሚ ቃላት ላይ ተንሳፍፎ ቆይቷል ማለት ይቻላል።

ሕጉ በአጭሩ ሲነገር፣ ተንሳፋፊ አካል የሚያፈናቅለው ውሃ ክብደት ከአካሉ ሙሉ ክብደት ጋር እኩል ነው። አካሉ ወደ ውሃው የሚወርደው ይህ እኩልነት እስኪገኝ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይቆማል። ይህን ወደ ስሌት ለመለወጥ አራት መጠኖች ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው «መጠነ ቁስ» ነው። በገበያ ቋንቋ በኪሎ ግራም የሚነገረው ሁሉ «ክብደት» ይባላል። በፊዚክስ ግን ክብደት የመሬት ስበት በመጠነ ቁሱ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። በዚህ ስሌት ስበቱ በአካሉም በውሃውም ወገን እኩል ስለሚገባ ሁለቱን ቃላት ማቀያየር መልሱን አያበላሽም። ይሁን እንጂ በሌላ ስሌት ስለሚያበላሽ ልዩነቱን ከዚሁ መልመድ ይሻላል።

ሁለተኛው «ይዘት» ነው። በትምህርት መጻሕፍት ይህ ቃል አንድ አካል የሚይዘውን ስፍራ መጠን እንዲያመለክት ተወስኗል። ይሁን እንጂ «የጀልባው ይዘት» ሲባል ተራው አንባቢ ጀልባው የሚጭነውን ዕቃ ያስባል። ስለዚህ የመጫን ችሎታ ሲነገር «የመጫን አቅም» ማለትና ይዘትን ለስፍራ መጠን ብቻ መተው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው «እፍግታ» ነው፤ መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ቃሉ ከታፈገና ከተፋፈገ ጋር አንድ ዘር በመሆኑ በጠባብ ስፍራ ብዙ ነገር መጠቅጠቁን ያስታውሳል። ስያሜው የተሳካ ነው የምንለውም የተማረውንም ያልተማረውንም ወደ አንድ ሐሳብ ስለሚመራ ነው።

አራተኛው «ስፋት» ነው። በሒሳብ ትምህርት ስፋት የገጽ መጠን ሲሆን የጎን ልክ «ወርድ» ይባላል። በንግግር ግን «የመንገዱ ስፋት 7 ሜትር» እንላለን። በአንድ ገጽ ላይ ስፋትን አንድ ጊዜ በሜትር፣ አንድ ጊዜ በካሬ ሜትር የጻፈ ተርጓሚ ስሌቱን ለተማሪው ዘግቶበታል።

«የተፈናቀለ ውሃ» ስለሚለው ሐረግም አንድ ቃል እንጨምር። ፈነቀለ ከተቀመጠበት በኃይል ማንሣትን ስለሚያመለክት ከበድ ይላል። «የተገፋ ውሃ» የሚለው አማራጭ ግን ወተት የመግፋትን ነገር ወደ ጆሮ ያመጣል። ስፍራውን ለቆ ወደ ሌላ መሄዱን በትክክል የሚናገረው የመጀመሪያው ስለሆነ እርሱ ቢጸና እንመርጣለን።

4. ስምጠት

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 1.50 ሜትር የሆነ፣ እንደ ሣጥን ጎኖቹ ቀጥ ያሉ የማሻገሪያ ጀልባ እናስብ። የባዶው ጀልባ መጠነ ቁስ 12,000 ኪሎ ግራም ነው። የሥሩ ስፋት 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጨው የሌለበት ውሃ በአንድ ሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ጀልባው በወረደ በእያንዳንዱ ሜትር 40,000 ኪሎ ግራም ውሃ ያፈናቅላል። 12,000 ለ40,000 ሲካፈል 0.30 ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ ጀልባው 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውሃው ገብቶ ይቆማል። 16,000 ኪሎ ግራም ብንጭንበት ጠቅላላው 28,000 ስለሚሆን 70 ሳንቲ ሜትር ይገባል።

ይህ 70 ሳንቲ ሜትር ምን ይባል? «ጥልቀት» እንዳንል መግቢያው ላይ ያየነው አደጋ አለ። «ጥምቀት» በሰዋስው ረገድ ልክ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ በሃይማኖት ስለተያዘ ለጀልባ አይሰጥም። «መስጠም» ደግሞ ጨርሶ መጥፋትን ይናገራል፤ ጀልባ ሰጠመ ሲባል የሚከተለው ሐዘን ነው።

መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስለናል። አማርኛ ከሰጠመ ጎን፣ ሁለቱ ተነባቢዎች ስፍራ የተለዋወጡበት ሰመጠ የሚል ግሥ አለው። በንግግር ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ምትክ ይነገራሉ። ሆኖም «ስምጥ ሸለቆ» በሚለው የመልክዐ ምድር ስያሜ ሰመጠ የራሱን መንገድ ይዟል። ስምጥ ሸለቆ ከዙሪያው ልክ ዝቅ ብሎ የወረደ ምድር ነው እንጂ የጠፋ ምድር አይደለም። ለተንሳፋፊ አካል የምንሻው ይኸው ሐሳብ ነው፤ ከአንድ ልክ በታች መውረድ፣ ነገር ግን አለመጥፋት። ስለዚህ «ሰጠመ» ለጥፋቱ ይቆይ፤ «ስምጠት» ደግሞ ከውሃው ልክ እስከ አካሉ ሥር ላለው ቁመት ይሰጥ እንላለን። የቃሉ ቅርጽም ከልክ ስሞች ተራ ያገባዋል፤ ረዘመ ርዝመት፣ ከበደ ክብደት፣ ጠለቀ ጥልቀት፣ ሰመጠ ስምጠት። እንዲህ ከሆነ «ስምጠቱ 6 ሜትር የሆነ መርከብ 7 ሜትር ጥልቀት ወዳለው ወደብ ይገባል» ብሎ ያለ ጥርጥር መጻፍ ይቻላል።

5. ደረቅ ቁመት

ከ1.50 ሜትር ላይ 0.70 ሲቀነስ 0.80 ሜትር ይቀራል። ይህ ከውሃው ልክ እስከ ጀልባው ላይኛ ጠርዝ ያለው ቁመት ነው። በቅድሚያ ወደ አፍ የሚመጣው ስያሜ «ትርፍ ቁመት» ነው። ይሁን እንጂ ይህን ቃል አጥብቀን እንቃወማለን። በትራንስፖርት ቋንቋ ትርፍ ማለት ከተፈቀደው በላይ የተጫነ ሰው ወይም ዕቃ ነው፤ በተጨማሪም ትርፍ ያለው ነገር ገና ሊሠራበት የሚችል ነገር ነው። በጀልባው ጎን «ትርፍ ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር» ተብሎ ቢጻፍ ጫኙ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሞላበት ስፍራ እንደተሰጠው አድርጎ ቢያነብ አይፈረድበትም።

ንባቡ ወዴት እንደሚያደርሰው ስሌቱ ይናገራል። ጀልባው በየአንድ ሳንቲ ሜትሩ 400 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ይህም አንዱ ሰው 70 ኪሎ ግራም ቢመዝን 6 ሰው ያህል ነው። ስለዚህ 80 ሳንቲ ሜትሩን ለመሙላት 32,000 ኪሎ ግራም ይጨመራል። ያን ጊዜ የጀልባው ጠርዝ ከውሃው ጋር ትክክል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ሞገድ ትበቃዋለች። ይህ ቁመት የተተወው ለጭነት ሳይሆን ለሞገድና ለመዘንበል ነው። ስያሜው ይህን መናገር ባይችል እንኳ ተቃራኒውን መናገር የለበትም።

ስለዚህ «ደረቅ ቁመት» የሚለውን እናቀርባለን። ሞገድ ቢረጨውም ስሙ አይለወጥም፤ ደረቅ ሆኖ መቆየት ያለበት ክፍል መሆኑንም ለአንባቢው ያስታውሰዋል። በዚህ መሠረት ሙሉ ቁመት የስምጠትና የደረቅ ቁመት ድምር ነው።

ሁለቱን የሚለየው መስመርም ስም ያሻዋል። «የውሃ መስመር» እንዳይባል በከተማ ይህ የቧንቧ መስመር ማለት ነው። ግንበኞች ግን «ውሃ ልክ» የሚል የቆየ ቃል አላቸው፤ አግድም ትክክለኛነትንም፣ ትክክለኛነቱ የሚታይበትንም መሣሪያ በዚሁ ይጠራሉ። ከዚህ ተነሥተን «የውሃ ልክ መስመር» ብንል ሐሳቡ ከሙያተኞች ቋንቋ የመጣ ይሆናል።

6. የይዘት ድርሻና የቁመት ድርሻ

አካሉ ወጥ ከሆነ ስሌቱ ከዚህም ያጥራል። የአካሉ እፍግታ ለውሃው እፍግታ ሲካፈል የሰመጠው ክፍል ከሙሉው ይዘት ያለውን ድርሻ ይሰጣል። እፍግታው ከውሃው እፍግታ 0.6 እጅ የሆነ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ በጠፍጣፋ ገጹ ሲንሳፈፍ 6 ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል፤ 4 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ይሆናል።

ነገር ግን ድርሻው የይዘት እንጂ የቁመት አይደለም። በሳንቃው ሁለቱ የተስማሙት ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ብቻ ነው። ይህን የዘነጋ ትርጉም በበረዶ ተራራ ነገር ይሳሳታል። የበረዶ እፍግታ በሜትር ኩብ 917፣ የባሕር ውሃ እፍግታ 1,025 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር የሚንሳፈፍ በረዶ 89.5 በመቶው ከውሃ ሥር ነው፤ የሚታየው 10.5 በመቶው ብቻ ነው። «ከበረዶው ተራራ ቁመት አንድ ዐሥረኛው ይታያል» ተብሎ ሲተረጎም ግን ይዘት ወደ ቁመት ተለውጧል። በረዶው ጫፉ ወደ ላይ የሆነ 100 ሜትር ቁመት ያለው ሾጣጣ ቢሆንና በዚያው አኳኋን ሳይገለበጥ ቢንሳፈፍ፣ ከውሃ በላይ የሚታየው 47 ሜትር ያህል ነው፤ ጫፉ ቀጭን በመሆኑ ጥቂቱ ይዘት ብዙ ቁመት ይይዛል። አንድ ዐሥረኛ የተባለው በቁመት ሲታይ ግማሽ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ተርጓሚው «የሰመጠ ድርሻ» በጻፈ ቁጥር የይዘት ወይም የቁመት መሆኑን መጨመር አለበት።

የብረት መርከብ የሚንሳፈፍበትን ምክንያት ለማስረዳትም አንድ ቅጽል ያስፈልጋል። የብረት እፍግታ ከውሃ ከ7 እጥፍ በላይ ነው። የመርከቡ ግን በውስጡ ካለው አየር ጋር ተደምሮ ከውሃ ያነሰ ነው። ይህን «አማካይ እፍግታ» ማለት ይበቃል። የጣና ሐይቅ ታንኳ በሌላ መንገድ ይንሳፈፋል። ከደንገል እስር የተሠራ ስለሆነ የሚሸከመው ክፍት ሆዱ ሳይሆን የደንገሉ ቅለት ነው። ደንገሉ ግን ውሃ ይመጣል፤ ውሃ በመጠጠ መጠን አማካይ እፍግታው ያድጋል፣ ስምጠቱ ይጨምራል፣ ደረቅ ቁመቱ ይቀንሳል። ባለ ታንኳዎች ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ስለዚህ ነው። ይህን ቀመር ሳይጽፉ በእጃቸው ያውቁታል።

7. የውሃው ዓይነት

እስከ አሁን ውሃው ጨው የሌለበት ነው ብለናል። ጨው ሲጨመር የውሃው እፍግታ ስለሚያድግ ስምጠቱ ይቀንሳል። 28,000 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጀልባችን ጨው በሌለበት ሐይቅ 70 ሳንቲ ሜትር፣ በባሕር 68.3 ሳንቲ ሜትር፣ እፍግታው 1,240 በሚደርሰው በሙት ባሕር ደግሞ 56.5 ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል። በዚህ ምክንያት ስምጠት የጀልባው ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የጀልባው፣ የጭነቱና የውሃው ነው። ብያኔው ይህን ካልጨመረ ጎዶሎ ነው።

የመርከብ ሕግ ይህን ልዩነት በመርከቡ ጎን ላይ ያስጽፋል። በእንግሊዝ የምክር ቤት አባል የነበረው ሳሙኤል ፕሊምሶል ከልክ በላይ ስለሚጫኑ መርከቦች ባደረገው ክርክር የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1876 የጭነት ልክ ምልክት በሕግ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1966 ደግሞ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ተደረጉ። ምልክቱ በአግድም መስመር የተቆረጠ ክብ ነው፤ በአጠገቡም ለልዩ ልዩ ወራትና ውሃ የሚያገለግሉ አጫጭር መስመሮች አሉ። ጨው ለሌለው ውሃ የሚሆነው መስመር ለባሕር ከሚሆነው በላይ ይሣላል፤ መርከቡ በዚያ ይበልጥ ይሰምጣልና። ይህን «የጭነት ልክ መስመር» ብለን ከ«የውሃ ልክ መስመር» እንለየዋለን። ሁለተኛው ውሃው አሁን ያለበትን፣ የመጀመሪያው ውሃው እንዲያልፍ ያልተፈቀደለትን ያሳያል።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተሰጠው ሐተታ መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎች ከነብያኔያቸው ለውይይት እናቀርባለን።

ተንሳፋፊ፦ ከፊሉ በፈሳሽ ውስጥ ሆኖ በፈሳሹ ግፊት ተደግፎ የሚቆይ አካል።

አንሳፋፊ ኃይል፦ ፈሳሽ በውስጡ ያለን አካል ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል።

የተፈናቀለ ውሃ፦ አካሉ ስፍራውን በመያዙ ከስፍራው የለቀቀ ውሃ።

የውሃ ልክ መስመር፦ የውሃው ገጽ የተንሳፋፊውን ጎን የሚነካበት መስመር።

ስምጠት፦ ከውሃ ልክ መስመር እስከ ተንሳፋፊው ሥር ያለ ቁመት፤ በተወሰነ ጭነትና በተወሰነ ውሃ የሚለካ።

ደረቅ ቁመት፦ ከውሃ ልክ መስመር እስከ ተንሳፋፊው ላይኛ ጠርዝ ያለ ቁመት፤ ሙሉ ቁመት ሲቀነስ ስምጠት።

የጭነት ልክ መስመር፦ የውሃ ልክ መስመር እንዳያልፈው በሕግ የተወሰነ ምልክት።

ከእነዚህ ውስጥ ከውጭ ቋንቋ የተዋሰ አንድም የለም። ይህን የምንለው ውሰትን ለመንቀፍ አይደለም፤ መርከብ ነክ የሆኑ ሙያዎች የተዋሷቸው ቃላት ብዙ ናቸው። የምንለው ቃሉ ከየትም ቢመጣ በስሌት ይፈተን ነው። አንድ ስያሜ በብያኔው ስፍራ ገብቶ ቁጥሩ ትክክል ከወጣ፣ ቁጥሩንም ያነበበ ጫኝ ማድረግ የሌለበትን እንዲያደርግ ካልገፋፋው፣ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል። «ትርፍ ቁመት» በመጀመሪያው ፈተና ያልፋል፤ በሁለተኛው ይወድቃል። ስያሜ አጥኚዎችና ተርጓሚዎች ሁለተኛውን ፈተና ከመጀመሪያው እኩል እንዲመለከቱት እንጠይቃለን።